ግራ ገባኝ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ኩህሞ ላይ ሲያካፋ፣
የኦስሞን ሱቅ በር በትከሻ ስገፋ፣
ደወሉ ሲንጫረር ኦስሞ አለ ቀና፣
«ምን እግር ጣለሽ?» አለኝ፣ መነጽሩን አወለቀና።
«ጠመንጃ» አልኩት። «ለአጋዘን። አዲስ።
የወንድሜ አረጀ።»
ሌላውን ዋጥኩት።

ከሣጥን ከሣጥን ጥይት እየቀነሰ፣
በቁመት አሰልፎ ባንኮኒውን አለበሰ፦
«ይህቺ ስድስት ነጥብ አምስት፣ አያቶች ያውቋታል፤
ይህ ሦስት መቶ ስምንት፣ የትም ይገኛል፤
ሠላሳ ዜሮ ስድስት፣ ሩቅ ነው መድረሻው፤
ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ደግሞ፣ ለድብ ነው መመለሻው።»

የፔንቲ ምክር ጆሮዬ ውስጥ ነበር፦
«ዘጠኝ ነጥብ ሦስት ግዢ! ጥድ በስቶ ያልፋል፤
አጋዘኑን ብትስቺው ጥላው ይወድቃል።»
ሪስቶ ግን፣ «ከሦስት መቶ ስምንት በላይ ትዕቢት ነው» ይላል።
በአደን ማኅበሩ ጎጆ፣ ቋሊማ ሲጠበስ፣
በካሊበሩ የማይምል ወንድ የለም፤
ስለ ሳተው የሚያወራ፣
አንድም።

እኔ የሳትኩትን አውቃለሁ።
አምና ጥቅምት፣ ረግረጉ ዳር፣ ውርጭ።
ቀንዱ እንደ ተዘረጋ መዳፍ፣
ከጥዶቹ መሐል ወጥቶ ጎኑን ሰጠኝ።
ተኮስኩ። ጉልበቱ ከዳው፤ ግን ቆመ።
ሁለተኛዋ ጥይት ነበረች ምሕረቱ።
የቴርሆ ጠመንጃ መቀርቀሪያው በቀኝ፣
እኔ ደግሞ ስፈጠር ግራኝ።
እጄን በአፍንጫዬ ላይ አሻግሬ፣
ሰደፉን ከጉንጬ አላቅቄ፣
እስክስብ፣ እስክመልስ፣ እስካነጣጥር፣
ጫካው ተዘጋ እንደ በር።

ሁለት ቀን በደም ጠብታ ሄድን፣ እኔና ውሻዬ ሪሙ።
በሦስተኛው ቀን ቁራዎች አሳዩን።
ሥጋው ለሰው አልሆነም።
ለማኅበሩ በቁጥር ጻፍኩት እንጂ
በቃል ለማንም አልተነፈስኩም።

ኦስሞ ጠመንጃ በጠመንጃ ላይ ያቀብለኛል።
«ይህ አይራገጥም። ያኛው ዝገት አይፈራም።
የዚህኛው ሰደፍ ከዋልነት ነው፣ ዳሰስ አድርጊው።»
ሁሉንም ተቀበልኩ፣ ሁሉንም መለስኩ።
«ምኑ ነው የጎደለው? ክብደቱ? ሚሊሜትሩ?»
«እንጃ» አልኩት፤ «ግራ ገባኝ።»

ያኔ እርሳሱን አየው።
በደረሰኝ ጀርባ ዋጋ እየደመርኩ ነበር፣
መዳፌ የጻፍኩትን እየጠረገ፣
እንደ ልጅነቴ፣ እንደ ያኔው ደብተር።
ሳይናገር ወደ ጓዳ ገባ።

አንድ ሰው አዝዟት ያልተመለሰላት፣
አቧራ ሣጥኗ ላይ እንደ ዱቄት ያለባት፣
መቀርቀሪያዋ በግራ።
ትከሻዬ ላይ ሳስጠጋት ጉንጬ ቦታውን አወቀ፤
ጣቴ ሳይፈልግ እጀታዋን አገኘ፤
ከፈተ፣ ዘጋ፣
ዓይኔ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቀንድ ሳይነቀል።

«ካሊበሯ?»
«ስድስት ነጥብ አምስት። በግራ ሌላ የለኝም።»
ሳቅሁ። የሦስት ወር ክርክር፣
ሠንጠረዡ፣ የፍጥነቱ ስሌት፣ የሌሊቱ ድምር፣
በአንዲት አውራ ጣት በምታህል ብረት አለቀ።
ፔንቲ «መርፌ ገዛሽ» ይለኛል፤ ይበል።
ቦታው ከተገኘ፣ መርፌም ይገድላል።

የፖሊሱ ፈቃድ እስኪመጣ ቀብድ ከፈልኩ።
ኦስሞ በሩን ይዞ፣ ዝናቡ እየገባበት፣
«አሁንስ፣ ራይሊ?» አለኝ።
«አሁንም ግራ ገባኝ» አልኩት።
ቆየት ብሎ ነው የሳቀው።

ማታ የቴርሆን ጠመንጃ ፈትቼ ዘይት ቀባሁ።
ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት፣ ከነማንገቻው፣
«ቀኝ ያውልሽ» ብሎ ነበር የሰጠኝ።
አስራ አንድ ዓመት በእሱ ቀኝ ዋልኩ፤
አልነገርኩትም፤ አልጠየቀኝም።
መቀርቀሪያውን አንዴ ከፍቼ ዘጋሁት፣
በዚያው በማይመቸኝ እጅ።
ቀዝቃዛ ነው።
ቁምሣጥኑ ውስጥ አቆምኩት፤
ከጎኑ ለአንዲት የሚሆን ቦታ ትቼ
ቆለፍኩ።